ቀላል የሱቅ ዌብሳይት መሥራትና በክፍል ጓደኛ ማስፈተሽ

ዌብ ዲዛይን የተማረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የሱቅ ዌብሳይት ሠርቶ ያልፋል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም ሆነ በዩኒቨርሲቲ፣ የሆነ ሴሚስተር ላይ ይመጣል። ጫማ፣ መጽሐፍ፣ ቡና፣ ሀበሻ ቀሚስ፣ ተማሪው ደስ ያለውን ይመርጥና “ሱቅ” ይከፍታል። ገጾቹ ብዙ አይደሉም። መግቢያው፣ የዕቃዎቹ ዝርዝር፣ አንዱ ዕቃ ለብቻው የሚታይበት ገጽ፣ የተመረጡት ዕቃዎች የሚጠራቀሙበት ቅርጫት፣ የማዘዣው ፎርም፣ በቃ። ፕሮጀክቱ ለትምህርት የሚመች በምክንያት ነው። ገበያ ወጥቶ የማያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ አጠገብህ የተቀመጠው ልጅ ኮዱ ባይገባውም፣ ሱቅህ የሚያስገዛ መሆን አለመሆኑን ለመናገር አይቸገርም።

መሣሪያዎቹ የታወቁ ናቸው። ኤችቲኤምኤል ገጹን ያቆማል፣ ሲኤስኤስ መልክ ይሰጠዋል፣ ጃቫስክሪፕት ያንቀሳቅሰዋል። ሦስቱም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ውስጥ የተስፋፉ ናቸው፤ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ቅጂ ብሬንዳን አይክ በ1995 በ10 ቀን ውስጥ ነው የሠራው። ዕቃና ትዕዛዝ መመዝገብ ሲመጣ ፒኤችፒ የሚባለው የሰርቨር ቋንቋና ማይኤስኪውኤል የሚባለው የመረጃ ቋት ይጨመራሉ፣ ብዙ ተማሪም ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስጀምረውን ዛምፕን ላፕቶፑ ላይ ጭኖ እዚያው ይሞክራል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ወረቀትና እርሳስ ነው የሚያስፈልገው። ገጾቹን በእጅ ስሎ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ በቀስት ማሳየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ከቀለም የጀመረ ሰው ግን ሁለት ሳምንት ቀለም ሲቀይር ይከርማል።

የመጀመሪያው ውሳኔ ዋጋ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚሸጡ ብዙ ቻናሎች “ዋጋ በኢንቦክስ” ይላሉ፣ ተማሪውም ያንኑ ልማድ ይዞ ዌብሳይቱ ላይ “ለዋጋ ይደውሉ” ብሎ ይጽፋል። ይሄ ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። ዌብሳይት ከቴሌግራም ቻናል የሚበልጠው እኮ ዕቃው በየዓይነቱ ተደርድሮ ቦታው ላይ ስለሚቆይና ዋጋው ከፎቶው ሥር ስለሚታይ ነው። ያንን ካስቀረኸው ሰው ለምን ወደ አንተ ይመጣል?

ቀጥሎ ያለውን ጣጣ የሚያመጣው ከውጭ የተቀዳ ቴምፕሌት፣ ማለትም አስቀድሞ የተሠራ የገጽ ናሙና ነው። ፎርሙ “ዚፕ ኮድ” (የፖስታ መለያ ቁጥር) ይጠይቃል፣ አዲስ አበባ ላይ ዕቃ ለማድረስ ማንም ዚፕ ኮድ አይጠይቅም። የኛ ሰው አድራሻውን ክፍለ ከተማውን ጠቅሶ “ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከፋርማሲው አጠገብ” ብሎ ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ አንድ የክፍለ ከተማ ምርጫና ሰፋ ያለ “ምልክት” የሚጻፍበት ሳጥን ይበቃል። ፎርሙ “የቤተሰብ ስም” ይላል፣ እኛ የአባት ስም ነው ያለን። ስልክ ላይ በ09 የሚጀምር ብቻ እንዲቀበል ያደረገ ተማሪ በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ቁጥር ያለውን ደንበኛ በሩ ላይ ይመልሰዋል። ሰዓትም እንደዚሁ። “ከ3 እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነን” ሲባል በማን አቆጣጠር? “ከጠዋቱ 3 ሰዓት” ብሎ መጻፍ ይሄንን ይፈታዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ፍለጋው ነው። አንዷ “ሀበሻ ቀሚስ” ብላ ትጽፋለች፣ ሌላዋ “ሐበሻ”፣ ሦስተኛዋ “ሃበሻ”። ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ እና “ምንም አልተገኘም” ይላል፣ ቀሚሶቹ እዚያው ተደርድረው እያለ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ላይም ያው ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ደንበኛው የጻፈውንም የዕቃውን ስምም ከማወዳደር በፊት ወደ አንድ ዓይነት ፊደል መቀየር ነው፤ ጥቂት መስመር ኮድ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሌላ ሰው ፈልጎ ሲያጣ ብቻ ነው።

የፊደሉ መጠንም ይታሰብበት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰሉ ነፃ ፎንቶችም አሉ። ግን በእንግሊዝኛ ልክ አሳንሰህ ከጻፍከው ሱ እና ሲ አይለዩም፤ ልዩነታቸው እግሩ ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት የት ላይ እንደሆነች ነው። ፎቶ ደግሞ በተቃራኒው መቀነስ አለበት። ስልክ ያነሳው አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ 20 ዕቃ 80 ሜጋባይት ነው። ደንበኛው በራሱ ፓኬጅ ነው የሚከፍለው። እያንዳንዱን ወደ 150 ኪሎባይት ብታወርደው ሁሉም ተደምሮ 3 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል።

ክፍያ ለክፍል ፕሮጀክት ብዙ አያስጨንቅም። “ዕቃው ሲደርስ ይከፍላሉ” የሚል ምርጫ ይበቃል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የጀመረውን ቴሌብርን ወይም ዌብሳይት ላይ ክፍያ የሚቀበለውን ቻፓን መጨመር የፈለገ፣ መጀመሪያ እውነተኛ ብር በማይንቀሳቀስበት የሙከራ መንገድ ይሞክረው።

አሁን ወደ ጓደኞች። እዚህ ላይ ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። “እንዴት ነው?” ስትለው “አሪፍ ነው፣ ቀለሙ ያምራል” ይልሃል። አብሮህ ምሳ የሚበላ ልጅ ፊትህ ላይ ምን እንዲልህ ነው? አስተያየት አትጠይቀው፤ ሥራ ስጠው። “ለእናትህ ለፋሲካ የሚሆን ነጠላ ከ2,000 ብር በታች ፈልግና እዘዝ” በለው፣ ስልኩን አስይዘውና ዝም በል። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው። እጁ የተሳሳተ ቦታ ሲሄድ “እዚህ ጋ ነው” ማለት ያምርሃል። አትበል። እያሰበ ያለውን ድምፁን አውጥቶ እንዲናገር ብቻ ጠይቀውና የቆመበትን ቦታ ጻፍ።

በተማርኩበት ክፍል አንዷ ልጅ ሀበሻ ቀሚስ የሚሸጥ ገጽ ሠርታ ክፍል ውስጥ አጠገቧ ለምትቀመጠው ጎረቤቷ ሰጠቻት። ጎረቤቷ አንዱን ቀሚስ ከፍታ ፎቶውን ነካችው። ምንም የለም። በሁለት ጣት ልትስበው ሞከረች፣ እንደገና ነካችው፣ አምስት ስድስት ጊዜ። የፈለገችው ጥለቱን ቀረብ ብላ ማየት ነበር፣ ሽሮ ሜዳ ብትሄድ ቀሚሱን አንስታ በእጇ እንደምታየው። ስትጨርስ “እንዴት ነው?” ስትባል ምን አለች? “አሪፍ ነው።” ሠሪዋ ግን የጻፈችው የጎረቤቷ እጅ ያደረገውን ነው።

ስንት ሰው ይበቃል ለሚለው የአጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን በ2000 (እ.ኤ.አ.) የሰጠው መልስ እስካሁን ይሠራል። በአንድ ዙር 5 ሰው። በእሱ ስሌት 5 ሰው 85 በመቶ ገደማውን ችግር ያሳያል፤ ከዚያ አስተካክሎ ሌላ 5 ሰው ማምጣት፣ 15 ሰው በአንዴ ከመሰብሰብ ይሻላል። ከ5ቱ 3ቱ አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፉ ጥፋቱ የገጹ ነው፣ “እነሱ አልገባቸውም” ማለት አይሠራም። አንዱ ብቻ ቢጫውን ከጠላው ግን ምርጫ ነው፣ ማለፍ ይቻላል። ቢጫው ነጭ ላይ ተጽፎ የማይነበብ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የጽሑፉና የጀርባው ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን የሚጠይቅ ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ።

አስተያየት የሚሰጠውም ሰው ቦታውን ይጥቀስ። “ቅርጫቱ ግልጽ አይደለም” ከማለት “ጨምር የሚለውን ነካሁ፣ ምንም ስላልተቀየረ ሁለቴ ጨመርኩ” ማለት ሠሪውን ቀጥታ ወደ ኮዱ ይወስደዋል። ፎርሙ ሲሞከር የጓደኛን እውነተኛ ስልክ አታስገቡ፣ የፈጠራ ቁጥር ይበቃል።

የክፍል ጓደኛ የማያሳይህ ነገርም አለ። ሁሉም ኮምፒውተር የለመደ ነው፣ ገጹም ላፕቶፑ ላይ ስለሆነ በቅጽበት ይከፈታል። ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት ብቻ ከሆነ ዌብሳይትን ኢንተርኔት ላይ በሚያወጣው ጊትሃብ ፔጅስ ላይ በነፃ ጭነህ በስልክ ዳታ ክፈተው፣ ከዚያ ለአክስትህ ወይም ለጎረቤትህ እትዬ ስጣቸው።

ቀሚሷን የምትሸጠው ልጅ በሁለተኛው ዙር ለአዲስ ሰዎች ሰጠች፣ ያቺን ጎረቤቷንም ጨመረቻት። ፎቶውን ነካችው። ጥለቱ ስክሪኑን ሞላው። ዝም ብላ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየሳበች አየችና ቀና ብላ “ከኋላስ ምን ይመስላል?” አለቻት።