ሩቅያ ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ሰው ሲታመም ጠያቂው ሁሉ የሚለው አያጣም። አንዷ «ሪፈራል ሆስፒታል ውሰዱት» ትላለች። ጎረቤት «ጸበል ይሞክር» ይላል። ሌላው «ኧረ ቁርኣን ይቀራበት!» ይላል። ይሄ ሦስተኛው ሩቅያ ነው።

ሩቅያ በታመመ ሰው ላይ ቁርኣን እየቀሩ (እያነበቡ) አላህን ፈውስ መለመን ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቀራው የቁርኣን ምዕራፎቹ ፋቲሓ፣ ኢኽላስ፣ ፈለቅና ናስ፣ እንዲሁም አየተል ኩርሲይ የተባለው አንቀጽ ነው። ቁርኣኑን የሚቀራው ሰው (ራቂ) እጁን የሚያመው ቦታ ላይ ያደርጋል፤ እፍ ይላል። ውሃ ላይ ተቀርቶም ይጠጣል። ታማሚዋ ሴት ከሆነች መሕረም (ሊያገባት የማይፈቀድለት የቅርብ ዘመዷ) አብሯት ይቀመጣል። ደግሞ ማንም ለራሱ መቅራት ይችላል። ይህን ረስተን ነው ራቂ ፍለጋ ከደሴ ኮምቦልቻ የምንመላለሰው።

የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ የዘገቡት ታሪክ አለ። ሰሓቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) በጉዞ ላይ ሳሉ አንድ ጎሳ አላስተናግድም አላቸው። ወዲያው የጎሳው አለቃ ተነደፈ። ከሰሓቦቹ አንዱ ፋቲሓ ቀራበትና ዳነ። በጎች ተከፈላቸው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ፈቀዱላቸው። ስለዚህ ክፍያው በራሱ ነውር የለውም። ግን ገና ሳይቀራ «ሲህር (ድግምት) ተደርጎብሃል፣ ይህን ያህል ሺህ አምጣ» የሚል ካጋጠማችሁ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ። የእናት ስም የሚጠይቅ፣ የማይገባ ነገር የሚያነበንብ ከሆነም እንዲሁ። ሌላው የሐዲስ ሰብሳቢ ሙስሊም በዘገቡት መሠረት ሩቅያ የሚፈቀደው ሺርክ (በአላህ ላይ ማጋራት) እስከሌለበት ነው።

የእናት ስም ነገር ይገርማል፤ እኛ ዘንድ የጠንቋይ ምልክት ነው። አይሁዶች በምኩራብ ለታመመ ሲጸልዩ የሚጠሩት በእናቱ ስም ነው፤ እዚያ ጥንቆላ የለበትም። እነሱን ያከራከራቸው ሌላ ነው። የጥንቱ የአይሁድ መምህር ረቢ አኪቫ ስለ ፈውስ የሚናገረውን ዘጸአት 15፥26ን ቁስል ላይ የሚያንሾካሽክ ሰው በሚመጣው ዓለም ድርሻ የለውም ብሏል። ሐኪምና የአይሁድ ሊቅ የነበረው ማይሞኒደስም በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኦሪት ቃል የነፍስ እንጂ የሥጋ መድኃኒት አይደለም ሲል ጽፏል። ክርስቲያኖች ያዕቆብ 5፥14ን ይዘው ለታመመ ዘይት ይቀባሉ፤ በኦርቶዶክስ ምስጢረ ቀንዲል ይባላል።

ሩቅያ ግን ሐኪም ቤትን አይተካም። «አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ አላወረደም» የሚለው ሐዲስም ቡኻሪ ውስጥ ነው። የሚጥል በሽታ ክኒን የጀመረ ሰው እየተቀራበትም ክኒኑን ይውጣል። «ጂን ነው፣ መድኃኒቱን ተው» የሚል ራቂ ቢመጣ፣ ክኒኑን ማቆም የሚቻለው ሐኪሙ ሲያዝ ብቻ መሆኑን ቤተሰብ ይንገረው።