«ስንት ሜጋኸርዝ ነው?»፦ ስለ ራም የሚወራውና እውነታው

ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ከሁለት ቀን በፊት ኮምፒውተር የገጣጠምኩለት ልጅ ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ወንድሜ ሸወድከኝ! 6000 ነው ብለህ የሰጠኸኝ ራም ሲፒዩ-ዚ ላይ 3000 ነው የሚለው።»

ይህ ስልክ በወር ሁለት ሦስቴ ይመጣል። ደዋዩ ይለያያል እንጂ ንግግሩ አንድ ነው። መልሱን ጽፌ ልገላገል። ራም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ዳታ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ ነው፤ ሲፒዩ-ዚ ደግሞ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች መረጃ የሚያሳይ ፕሮግራም።

የዲዲአር ራም በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ዳታ ያሳልፋል፤ አንዴ ምቱ ሲነሳ፣ አንዴ ሲወርድ። 3000 ሜጋኸርዝ (በሰከንድ 3000 ሚሊዮን ምት ማለት ነው) በሁለት ሲባዛ 6000 ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር በትክክል ከተጠራ ሜጋትራንስፈር ይባላል። ሲፒዩ-ዚ ግን የሚያሳያችሁ ምቱን ነው። ማንም አልሸወደህም፣ ተኛ።

ሊደውሉልኝ የሚገባቸው ሰዎች ሌሎች ናቸው። 6000 ገዝተው በ4800 የሚጠቀሙት ማለቴ ነው። እነሱ ግን አይደውሉም፣ ምክንያቱም አያውቁም። ራም ስትሰኩ በራሱ ወደተጻፈበት ፍጥነት አይወጣም። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብታችሁ ፕሮሰሰራችሁ ኢንቴል ከሆነ ኤክስኤምፒ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤክስፖ የሚለውን ማብራት አለባችሁ። ካላበራችሁ አዲሱ ትውልድ ዲዲአር5 ብዙውን ጊዜ በ4800 አካባቢ ይሄዳል። ታስክ ማናጀር ክፈቱና ሜሞሪ የሚለውን እዩ፤ እዚያ የሚወጣው የተባዛው ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ኮምፒውተሩ ገና እየተነሳ መብራት ከጠፋ፣ ወይም የማዘርቦርዷ ክብ ባትሪ ከደከመች፣ ብዙ ማዘርቦርዶች ቅንብሩን ጥለው ወደ መነሻው ይመለሳሉ። መብራት በጠፋ ማግስት ጌሙ ከበደባችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ።

«ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ራም ፈጣኑ ነው።»

አሁን ወደ ዋናው ብሽቀቴ ልግባ። ደንበኛ ሲመጣ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ስንት ሜጋኸርዝ ነው?» ሲኤሉን የሚጠይቅ ሰው በዓመት አንድ ቢገኝ ነው። ራሙ ላይ ግን 6000 ይልና አጠገቡ ሲኤል30፣ ወይ ሲኤል36፣ ወይ ሲኤል40 ይላል። 6000 እና 6000 ሆነው ዋጋቸው የሚለያየው ለዚህ ነው እንጂ ነጋዴው ስለጠላችሁ አይደለም።

ሲኤል ማለት ፕሮሰሰሩ «ይህን አምጣ» ካለ በኋላ የመጀመሪያው ዳታ እስኪመጣ የሚጠበቀው የምት ብዛት ነው። ከበሮ አስቡ። «30 ምት ጠብቅ» ተብላችኋል። ከበሮው ቶሎ ቶሎ ከተመታ 30ው ምት ሳታስቡት ያልቃል። ቀስ ብሎ ከተመታ 16 ምትም ያሰለቻል። ስለዚህ የምቱን ብዛት ብቻ ማየት አይሠራም፤ የከበሮውን ፍጥነት ብቻ ማየትም እንደዚያው። ጥበቃው በጊዜ ስንት ነው? መጠየቅ ያለባችሁ ይህንን ነው።

ለዚህ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ሲኤሉን በ2000 አባዙት፣ ሳጥኑ ላይ ላለው ቁጥር አካፍሉት፤ መልሱ በናኖሰከንድ ይመጣል። የቆየው ዲዲአር4 3200 ሲኤል16 ስታሰሉት 10 ናኖሰከንድ ነው። ዲዲአር5 6000 ሲኤል30ም 10 ነው። ዲዲአር5 6000 ሲኤል40 ግን 13.3 ይሆናል። ዲዲአር5 5600 ሲኤል46 ደግሞ 16.4! አዲስ ነው፣ ቁጥሩም ትልቅ ነው፣ የመጀመሪያዋን ዳታ ለማምጣት ግን ከአሮጌው ይዘገያል።

ዲዲአር5 ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። አንዴ ከጀመረ የሚያፈሰው ብዙ ነው። ሁለት ፍሬ 3200 በወረቀት ላይ በሰከንድ 51.2 ጊጋባይት ሲያሳልፉ ሁለት ፍሬ 6000 ግን 96 ያሳልፋሉ። ትልልቅ ፋይል ለሚጨምቅ፣ ከባድ ሥራ ለሚሠራ ሰው ይህ ዋጋ አለው። ጌም ግን ትንንሽ ነገር ደጋግሞ የሚጠይቅ ፍጡር ስለሆነ ጥበቃው ይሰማዋል። ዱሮ ኦቨርክሎክ (ዕቃን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ) የሚወዱ ልጆች ሳምሰንግ ቢ-ዳይ የሚባለውን ቺፕ እንደ ወርቅ ሲያድኑ የነበረው ለዚህ ነው። ዲዲአር4 3200፣ 14-14-14 የሚል ካያችሁ (የመጀመሪያው 14 ሲኤሉ ነው) እሱ ነው፤ 8.75 ናኖሰከንድ። ዛሬ በዲዲአር5 ያንን ቦታ የያዙት የኤስኬ ሃይኒክስ ኤ-ዳይ እና ኤም-ዳይ ናቸው።

ሁለተኛው ችግር ፕሮሰሰሩ ነው። ራሙ የቻለውን ፕሮሰሰሩ ካልቻለ ምን ዋጋ አለው? ሁለት ሰው በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጥ አይታችኋል። ዘነዘናው እየተፈራረቀ እስካረፈ ድረስ ሥራው ይፈሳል። አንዱ ከሌላው አቅም በላይ ከፈጠነ ግን ያኛው አንዱን ምት እየዘለለ መውቀጥ አለበት። የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የሆኑት ራይዘን 7000 እና 9000 ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። እስከ 6000፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ እስከ 6400 ድረስ የፕሮሰሰሩ የሜሞሪ ተቆጣጣሪ ከራሙ ጋር እኩል ይመታል። ከዚያ በላይ ሲሆን በግማሽ ፍጥነት ለመሄድ ይገደዳል። ቁጥሩ አደገ፣ ጥበቃው ረዘመ። ኤኤምዲ ራሱ ራይዘን 7000ን ሲያወጣ ምርጡ 6000 ነው ብሎ ነበር። ለሰው ግን ይህ አይዋጥለትም።

አንድ ልጅ አጎቱን ዱባይ ድረስ አስቸግሮ 7200 ሲኤል34 አስመጣ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 7600 ነው። «6000 ይበቃሃል» ብዬው ነበር፤ ያለኝን ልሸጥለት የፈለግኩ መሰለው። ሰካነው፣ በ7200 ተነሳ፣ ልጁ በደስታ ዘለለ። ከዚያ የሚጫወተውን ጌም ከፈትን። ከዚያው ከሱቄ የነበረውን 6000 ሲኤል30 ሰክተን ያንኑ ጌም ደግመን ከፈትን። ፊቱን ማየት ነበረባችሁ። ምንም ልዩነት የለም! በመጨረሻ የራሱን ራም ወደ 6000 አውርጄ ታይሚንጉን (እንደ ሲኤል ያሉትን የጥበቃ ቁጥሮች) ጠበቅ አደረግኩለት፣ አሪፍ ሆኖ ሠራ። አጎቱ ዋጋውን እንዳይሰማ ብቻ ነው የምጸልየው።

ኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ላይ ነገሩ ይለያል። ዜድ790 የሆነ ጥሩ ማዘርቦርድ ካላችሁ 7200 ብርቅ አይደለም። ኤች610 የሆነ ማዘርቦርድ ላይ ግን የራም ኦቨርክሎክ የሚባል ነገር የለም። 3600 ዲዲአር4 ብትሰኩበትም ከ3200 አያልፍም። ገንዘቡን ለሌላ ነገር አውሉት። መጨረሻው ኤክስ3ዲ የሆነ ራይዘን የያዛችሁ ደግሞ ብዙ አትጨነቁ። እንደ 7800ኤክስ3ዲ ያለው 96 ሜጋባይት ካሽ (ከራም የሚፈጥን ትንሽ ሜሞሪ) ውስጡ ይዞ ስለሚዞር ወደ ራም የሚሮጥበት ጊዜ ያነሰ ነው።

«አራቱንም ቦታ ከሞላሁት ይፈጥናል።»

አይፈጥንም። ፕሮሰሰራችሁ ሁለት ቻናል (ከራም ጋር የሚገናኝበት መንገድ) ነው ያለው፤ ሁለት ፍሬ ይሞላዋል። አራት ስትሰኩ ሸክሙን ነው የምትጨምሩበት። ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 በይፋ ያስቀመጠው በሁለት ፍሬ 5200፣ በአራት ፍሬ 3600 ነው። ልዩነቱን እዩት። 32 ጊጋ ከፈለጋችሁ ሁለት 16 ግዙ። የምትሰኩትም ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ነው። ጎን ለጎን ሰክቶ በአንድ ቻናል የሚሄድ ስንቱን አስተካክያለሁ።

«አንድ ዓይነት ራም ነው፣ ባለፈው ዓመት የገዛሁት ላይ ብጨምር ምን ችግር አለው?»

አንድ ዓይነት መሆኑን በምን አወቃችሁ? አምራቾች በአንድ ስም ሥር ቺፑን ይቀያይራሉ። ኮርሰር ተለጣፊው ላይ የቨርዥን ቁጥር የሚጽፈው ለዚህ ነው። በአንድ ሳጥን የመጡ ሁለት ፍሬዎች አብረው ተፈትነው ነው የታሸጉት። ለየብቻ የተገዙትን ማንም አብሮ አልሞከራቸውም።

«ተነሳ እኮ! እንግዲህ ሠራ ማለት ነው።»

የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ደንበኛ አለኝ። ቪዲዮው ግማሽ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ወይ ያልቅና መሃሉ ላይ አረንጓዴ ነገር ይወጣበታል። ዊንዶውስ ሦስት ጊዜ አስጫነ። አዲስ ኤስኤስዲ ገዛ። ሙሽሮቹ እየደወሉ ነው፣ ሰውዬው እንቅልፍ የለውም። ሳየው አራት 8 ጊጋ ዲዲአር4፣ ሁለቱ የአምና፣ ሁለቱ የዘንድሮ፣ ኤክስኤምፒ በርቶ 3600። ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነሳሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። ሁለቱን አወጣሁ፣ ንጹሕ።

ራም ሲሳሳት ደወል አያሰማም። የተሳሳተውን ዳታ ዝም ብሎ ለዲስኩ ያስረክባል፤ ፎቶም ይሁን የድርጅት ሒሳብ። ስለዚህ ኤክስኤምፒ ካበራችሁ፣ በተለይ ታይሚንግ በእጃችሁ ከነካካችሁ፣ አንድ ሌሊት ሜምቴስት86 እንዲያድር አድርጉ። አንድ ስሕተት ካሳየ «አንድ ብቻ ነው» አትበሉኝ። አንድም አይፈቀድም። ዲዲአር5 ራሱ ስሕተት ያርማል የሚሉም አሉ። ቺፑ ውስጥ የሚያርመው አለው፣ እውነት ነው። ከቺፑ ወደ ፕሮሰሰሩ ሲሄድ የሚበላሸውን ግን አያይም፤ ለሰርቨር የሚሸጠው ኢሲሲ (ስሕተት አራሚ ራም) ሌላ ነው።

«ኤክስኤምፒ ኦቨርክሎክ አይደለም፣ ፋብሪካው ያዘጋጀው ነው።»

ያዘጋጀው የራሙ ፋብሪካ ነው። ለፕሮሰሰሩ ፋብሪካ ግን ኦቨርክሎክ ነው፤ ዋስትናውንም የሚመለከተው በዚያ ዓይን ነው። በ2023 አንዳንድ ራይዘን 7000 ኤክስ3ዲዎች ሲቃጠሉ አንዱ ምክንያት ኤክስፖ ሲበራ ማዘርቦርዶቹ የፕሮሰሰሩን የኤስኦሲ (የሜሞሪ ተቆጣጣሪው ያለበት ክፍል) ቮልቴጅ ከልክ በላይ ከፍ ማድረጋቸው ነበር። ኤኤምዲ ከዚያ በኋላ በባዮስ ማሻሻያ 1.3 ቮልት ላይ ገደበው። ኤክስፖውን አብሩት፣ እኔም አበራዋለሁ። ባዮሱን ግን መጀመሪያ አሻሽሉ።

«ትልቅ ብረት ያለበት ይቀዘቅዛል።» በአብዛኛው ጌጥ ነው። ረጅም ከሆነ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ላይ ይጋጫል። ለዲዲአር5 የሚጠቅመው የኬዙ ንፋስ ነው።

«መብራት ያለው ራም ጌም ላይ ይሻላል።» አስተያየት የለኝም።

«ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ ራሙ ሞቷል።»

አዲስ ዲዲአር5 መጀመሪያ ሲበራ፣ ወይም ኤክስፖ ሲበራ፣ ማዘርቦርዱ ራሙን ያጠናዋል። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ብዙ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ሰው ግን አይታገስም። ባለፈው አንድ ትልቅ ሰው ደውለው፣ «ልጄ፣ ሦስቴ ነቅዬ ሰካሁት፣ አልነሳ አለኝ፤ ራሙን ይዤልህ ልምጣ» አሉኝ። በየስንት ደቂቃው ነው የነቀሉት? በየሁለት ደቂቃው። እያጠና ያለውን ከመሃል እያቋረጡ ከዜሮ ያስጀምሩታል! «ጋሼ፣ አንዴ ያብሩትና ይተውት፣ ቤት ውስጥ ቡና የሚያፈላ ካለ ጠጋ ይበሉ» አልኳቸው። አቦሉ ሳይቀዳ ደወሉልኝ፤ ስክሪኑ በርቷል።