የግል አሰልጣኝ ወይስ የቡድን ስፖርት? ምርጫው በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ ውስጥ የቡድን ስፖርት ከጂም በፊት አደባባይ ላይ ይገኛል። ማለዳ መስቀል አደባባይ የደረሰ ሰው ደረጃዎቹን እየወጡና እየወረዱ የሚሮጡ ወጣቶችን፣ ፈንጠር ብሎም በአንድ አሰልጣኝ ጭብጨባ እኩል የሚንቀሳቀሱ ጎልማሶችን ያያል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ልምምድ እንዲጀምር ምክንያት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» አስፋልቱን ለእግረኛ ሲያስለቅቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ደግሞ ጫካውን ለስፖርተኛው አመቻችቷል።

የግል ሥልጠና በአብዛኛው የጂም አገልግሎት ነው። አንድ አሰልጣኝ ለአንድ ሰው ፕሮግራም ያወጣል፣ ክብደት ይመርጣል፣ አጠገቡ ቆሞ ያሠራል። በቡድን ክፍለ ጊዜ ግን አንድ አሰልጣኝ አሥርም ሠላሳም ሰው በሙዚቃ ይመራል፤ ኤሮቢክስ፣ ስቴፕ (ዝቅተኛ መድረክ ላይ መውጣትና መውረድ)፣ ዙምባ (በጭፈራ የሚሠራ)፣ ስፒኒንግ (ቆሞ በሚዘወር ብስክሌት የሚሠራ) የሚባሉት ከዚህ ይመደባሉ።

ለግል አሰልጣኝ የሚከፈለው ገንዘብ በዋናነት የዓይን ዋጋ ነው። ስኳት፣ ማለትም ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ የሚሠራ ጀማሪ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ወይም ወገቡ ሲጎብጥ ራሱ አይታወቀውም። ከፊቱ መስታወት ቢኖርም ጎኑንና ጀርባውን አያሳየውም። አጠገቡ የቆመ ባለሙያ ግን ወዲያው አስቁሞ ክብደቱን ይቀንስለታል። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የቆየ የወገብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ከቀዶ ሕክምና ያገገመ ሰው ሐኪሙን አማክሮ በግል ሥልጠና ቢጀምር ይመረጣል። ጥሩ አሰልጣኝም ክብደት ከማስነሳቱ በፊት ይጠይቃል፦ የልብ ሕመም አለብህ? ደረትህን ይወጋሃል? ራስህን ያዞርሃል? የምትወስደው መድኃኒት አለ? ይህን ሳይጠይቅ በመጀመሪያው ቀን እስኪዝሉ የሚያሠራ ሰው፣ የራሱ ሰውነት የቱንም ያህል የተገነባ ቢሆን፣ አሰልጣኝ ሊባል አይገባውም ባይ ነኝ።

የቡድኑ ኃይል ሌላ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኦቶ ኮህለር በ1920ዎቹ የበርሊን ቀዛፊዎችን ሲያጠና፣ ደከም ያለው ሰው ከሚበልጠው ጋር ተጣምሮ ሲሠራ ብቻውን ከሚችለው በላይ እንደሚጸና አይቷል። ልዩነታቸው በጣም ሲሰፋ ግን ይህ ብርታት ይቀንሳል። የሠፈር ቡድን ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ያለ ጥናትም ያውቀዋል። ሦስት ቀን ከቀሩ «ምነው ጠፋህ?» የሚል ይኖራል፤ በእኔ እምነት ሰውን ለዓመታት ስፖርት ላይ የሚያቆየው ይህ ጥያቄ ነው።

ይኸው መበረታታት አደጋም አለው። ጀማሪ ከነባሮቹ እኩል ልሁን ብሎ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ጡንቻው ሊጎዳ ይችላል። በተለይ ከመጀመሪያ የስፒኒንግ ክፍለ ጊዜ በኋላ ሽንታቸው ጠቁሮ፣ እግራቸው አብጦ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል፤ ከሚሞተው ጡንቻ ወደ ደም የሚገባው ነገር ኩላሊትን ይጎዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቡድኑን ለመከተል መታገል ሳይሆን ፍጥነቱን ቀንሶ መልመድ ያዋጣዋል።

በዋጋ በኩል ልዩነቱ ግልጽ ነው። በቡድን የአሰልጣኙ ክፍያ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፤ በግል ግን ሙሉውን የሚከፍለው አንዱ ነው። መሐል ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጓደኛሞች ተዋጥተው አንድ አሰልጣኝ የሚይዙበት መንገድ አለ፤ የሚገባውን ያህል ግን አልታወቀም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይመክራል። ደቂቃውን ቡድኑ በቀላሉ ይሞላዋል፤ ክብደት ማንሳቱ ግን ትክክለኛ አሠራር ይፈልጋል። ስለዚህ ገንዘቡ ውስን ለሆነ ጀማሪ የምመክረው የመጀመሪያውን አንድ ወር ከግል አሰልጣኝ ጋር ስኳትን፣ ፑሽ አፕንና ክብደት ከመሬት ማንሳትን በሥርዓት ተምሮ ከዚያ ቡድን መቀላቀልን ነው። ስሙ የገነነው የኢትዮጵያ የሩጫ ሥልጠናም ከዚህ አይርቅም፤ አትሌቶቹ እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ተከታትለው በቡድን ይሮጣሉ፣ አሰልጣኙ ግን የእያንዳንዱን ሰዓት ለብቻ ይይዛል።

ከመመዝገብ በፊት አንድ ቀን ሄዶ ማየት ይጠቅማል፦ አሰልጣኙ ከመድረክ ወርዶ በሰዎች መካከል ይዞራል? መዝለል ለማይችል ሰው ሌላ አማራጭ ያሳያል? ሰውነት ለማሟሟቅና በመጨረሻ ለማፍታታት ጊዜ ይሰጣል? የኋላው ረድፍ ላይ ያለችውን አዲስ ሰው አይቷታል?