የፀረ ተባይ ቅሪት ገደብ ምንድን ነው?

«ቲማቲሙ ላይ የተገኘው ኬሚካል ከገደቡ እጥፍ ነው፤ መርዝ እየበላን ነው!» እንዲህ ሲባል በሰማሁ ቁጥር አልፌው እሄድ ነበር። ሰሞኑን ግን ጉዳዩን ያውቃል ብዬ የምገምተው ሰው ሲደግመው አላስቻለኝም። ለሕዝብ ጤና መቆርቆሩ ደግ ነው። በእጁ የያዘው መለኪያ ግን የሚለካው ሌላ ነገር ነው።

የቅሪት ገደብ፣ ባለሙያዎች ኤም አር ኤል የሚሉት፣ ገበሬው የተመዘገበን ፀረ ተባይ ሌብሉ ላይ በተጻፈው መጠን፣ በተፈቀደለት ሰብል ላይ፣ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ያለውን ቀን ጠብቆ ቢጠቀም ምርቱ ላይ ሊቀር የሚችለው ከፍተኛው መጠን ነው። ቁጥሩ የሚወጣው ከማሳ ሙከራ ነው። ሌብሉን ተከትለው በተለያየ ቦታ ይረጫሉ፣ ምርቱን ይለካሉ፣ ከውጤቶቹ ተነሥተው መስመሩን ያሰምራሉ። ስለዚህ ገደቡ አስቀድሞ የሚናገረው ስለ ረጪው ነው፤ ስለ በላተኛው አይደለም። ቦርከና ወንዝ ዳር ቲማቲም የሚያለማ ሰው በየሦስት አራት ቀኑ ይለቅማል። ሌብሉ «ከረጨህ በኋላ 7 ቀን ቆይ» ቢለው በመሀል ቢያንስ አንድ ለቀማ ሊያልፈው ነው፤ ፍሬው ደግሞ ቀልቶ አይጠብቀውም። መጠኑንም ብዙ ጊዜ የሚለካው በጠርሙሱ ክዳን ነው፤ መድኃኒቱ በሃይላንድ ተቀድቶ ከተሸጠለትማ ሌብል የሚባል ነገር አያይም። ገደብ የሚጣሰው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።

የጤናው መስመር ሌላ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው ይጎዳዋል ተብሎ የማይጠበቀው መጠን የሚሰላው ከእንስሳት ጥናት ነው፤ ጉዳት ያልታየበት መጠን ይወሰድና ብዙውን ጊዜ ለ100 ይካፈላል። በአንድ ቀን ብዙ ለሚበላ ሰውም ለብቻው የተቀመጠ ቁጥር አለ። አዲስ የቅሪት ገደብ ከመጽደቁ በፊት ከእነዚህ ጋር ይመሳከራል። መመሳከር ግን አንድ መሆን አይደለም።

ለማያምነኝ ማላቲዮን የሚባለው የነፍሳት መድኃኒት ይመስክርልኝ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በ1963 (እ.ኤ.አ.) ያቋቋሙት የምግብ ደረጃ አውጪ፣ ኮዴክስ፣ ለዚህ አንድ ኬሚካል በቃሪያ ላይ 0.1፣ በቲማቲም ላይ 0.5፣ በስንዴ ላይ 10 ሚሊ ግራም በኪሎ ገደብ አስቀምጧል። ገደቡ የመርዝ መስመር ቢሆን ኖሮ አብዝተን የምንበላው ስንዴ ከቃሪያ 100 እጥፍ እንዴት ይፈቀድለታል? ምክንያቱ አጠቃቀሙ ነው። ማላቲዮን ለነቀዝ ሲባል ከተከማቸ እህል ጋር በቀጥታ ይደባለቃል፤ ጨለማና ደረቅ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ቶሎ አይፈርስም። ማሳ ላይ ያለውን ቲማቲም ግን ፀሐዩ፣ ዝናቡና የፍሬው ማደግ ራሱ ቅሪቱን ያመነምኑለታል።

ሒሳቡን እንሥራው። የእነዚያው ሁለት ድርጅቶች የባለሙያዎች ጉባኤ ለማላቲዮን ያስቀመጠው የዕለት መጠን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት እስከ 0.3 ሚሊ ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 18 ሚሊ ግራም ይሆናል። «ከገደቡ እጥፍ» የተባለውን ቲማቲም፣ ማለትም በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ያለበትን፣ በልቶ እዚያ ለመድረስ በቀን 18 ኪሎ ያስፈልገዋል። ልክ ገደቡ ላይ የቆመ፣ ማንም ጣት የማይቀስርበት ስንዴ ግን 1.8 ኪሎው ይበቃል። (ስንዴ አትብሉ እያልኩ አይደለም። ገደብ ጣሪያ ነው፤ እህሉ ሁሉ ጣሪያው ላይ አይደርስም፣ አብዛኛው ቅሪትም ከፉርሽካው ጋር ይሄዳል።) ደግሞ ማላቲዮን ከቤተሰቦቹ መካከል ገራም ከሚባሉት ነው። ክሎርፓይሪፎስ ለሚባለው ዘመዱ ያው የባለሙያዎች ጉባኤ ያስቀመጠው የዕለት መጠን 0.01 ነበር፤ 30 ጊዜ ያነሰ። የ18 ኪሎውን ሒሳብ ይዞ ለሁሉም ኬሚካል የሚናገር ሰውም «መርዝ እየበላን ነው» እንዳለው ሰው ተሳስቷል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ አስቡት። ምልክቱ 30 ይላል እንበል። በ40 የወረደ ሾፌር ሕግ ጥሷል፣ ሊቀጣም ይገባል፤ ገደል ገብቷል ማለት ግን አይደለም። ወደ ሐርቡ ሜዳው ላይ ምልክቱ 80 ቢል መኪናው ተለውጦ አይደለም፤ መንገዱ ተለውጦ እንጂ። ማላቲዮን ቃሪያና ስንዴ ላይ የተለያየ ቁጥር የተሰጠውም እንደዚሁ ነው። ፍሬኑ የላላ ከባድ መኪና ደግሞ 30ን አክብሮም ሊገለበጥ ይችላል፤ ሕፃን ልጅ ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ አብልጦ ስለሚበላ ለእሱ ለብቻው የሚሰላው ለዚህ ነው። ምሳሌው የማይሠራበትም ቦታ አለ። መንገድ ላይ እያንዳንዱ መኪና የራሱን ፍጥነት ይዞ ይሄዳል፤ ማላቲዮን፣ ፕሮፌኖፎስ፣ ዳይመቶየት፣ ዳያዚኖን ግን ሰውነት ውስጥ የሚያጠቁት ያንኑ አንዱን ኤንዛይም ነው። አራቱም እያንዳንዳቸው ከገደብ በታች ሆነው በአንድ ማዕድ ሊደመሩ ይችላሉ። «ከገደብ በታች ነው፣ ንጹህ ነው» የሚለውም ወገን ይህን ልብ ይበል።

ሌላ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር 0.01 ነው። የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ገደብ ላልተቀመጠለት የሰብልና የኬሚካል ጥምረት በጥቅሉ የሚሰጠው ቁጥር 0.01 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፤ በእኛ ስፍር በ1,000 ኩንታል ውስጥ 1 ግራም። ይህ «በዚህ ሰብል ላይ ፈቃድ የለህም» ማለት ነው እንጂ «ከዚህ ያለፈ ይገድላል» ማለት አይደለም። ክሎርፓይሪፎስ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ወደዚሁ ቁጥር ሲወርድ ቲማቲሙ በአንድ ሌሊት አልተመረዘም። በእርግጥ እዚያ የወረደው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ መርማሪዎቹ የዘረ መልና የሕፃናት አእምሮ እድገት ሥጋት ስላለበት «ይህ ይበቃል» የምንለው የጤና መጠን ማስቀመጥ አይቻልም ብለው ነው። ያኔም ቢሆን ወሳኙ ወሬ የጤናው መስመር መጥፋት ነበር።

ስለ ረጪው ይናገራል ብያለሁ፤ ግን በገበሬው ላይ ለመፍረድም አትቸኩሉ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ቅሪት አግኝታ ስትመልስ ጣት የተቀሰረው ወደ ማሳው ሳይሆን ቡናው ወደተሞላበት ጆንያ ነበር።

የምርመራው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥርም ራሱ ጥያቄ ይጠየቃል። ገደቡ 0.5 ሆኖ ውጤቱ 0.7 ቢመጣ የአውሮፓ ተቆጣጣሪ ወዲያው «ጥሷል» አይልም፤ ለላብራቶሪ ልኬት 50 በመቶ የመሳሳት ክልል ይይዛል፣ ከ0.7 ላይ ግማሹን ሲቀንስ 0.35 ይመጣለታል። ናሙናውስ? ለቲማቲም ቢያንስ 10 ፍሬ፣ ቢያንስ 1 ኪሎ፤ ለጥቅል ጎመን 5 ራስና 2 ኪሎ ነው። ከሰኞ ገበያ ሦስት ቲማቲም በፌስታል ገዝቶ «የደሴን ቲማቲም አስመረመርኩ» ማለት አይቻልም። ማንኮዜብ የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በተለመደው ዘዴ የሚለካው ማንኮዜቡ ራሱ አይደለም፤ ሲፈርስ የሚወጣው ካርቦን ዳይሰልፋይድ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ግን በተፈጥሯቸው ድኝ ስላለባቸው ጠብታ ሳይረጭባቸው ያንኑ ሊያወጡ ይችላሉ። ሽንኩርት ላይ «ማንኮዜብ ተገኘ» የሚል ወረቀት ስታዩ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። የፀረ ተባይ ምርመራ ስለ ከባድ ብረቶችም ምንም አይልም፤ በቦርከና ውኃ የለማ አትክልት ላይ የሚነሣው የፋብሪካ ፍሳሽ ጥያቄ ሌላ ናሙና፣ ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል። በአቼቶ ወይም በጨው ማጠብን ለሚጠይቁኝ፦ በውኃ በደንብ ማሸት ላይ ላዩ ያለውን ይቀንሳል፤ እንደ ዳይመቶየት ተክሉ ውስጥ የሚሰርገውን ግን ከውጭ ማጠብ አያወጣውም።

ስለ መርዝ ማውራት የፈለገ ሰው ከቲማቲሙ በፊት የሚረጨውን ልጅ ይይ። ሴሌክሮን 720 ጠርሙስ ውስጥ በሊትር 720 ግራም ፕሮፌኖፎስ አለ። ባዶ እጁን ሲበጠብጥ አንድ ሚሊ ሊትር ቢፈስበት 720 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው በምግብ በኩል የተቀመጠው የዕለት መጠን 1.8 ነው። በቆዳ የሚገባው ከፊሉ ብቻ ቢሆንም ልዩነቱ የትየለሌ ነው። የጎማ ጓንት፣ ሙሉ ልብስ፣ ነፋስን ከኋላ አድርጎ መርጨት፣ ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን መርጫው ውስጥ መጨመር፣ ጠርሙሱን ቀዶ ማስወገድ፤ ይህ ሁሉ በየሌብሉ አለ። የቅሪት ገደብ ግን እሱን አያውቀውም። የእሱን ጉዳት የሚያሳየው እነዚህ ኬሚካሎች የሚያጠቁትን ኤንዛይም የሚለካው የደም ኮሊንኢስትሬዝ ምርመራ ነው፤ ያም ከርጭቱ ወቅት በፊት አንድ ጊዜ ተለክቶ ካልተያዘለት በኋላ የሚመጣውን ቁጥር የሚያነጻጽሩበት መነሻ አይኖርም።