«እንደ ውሃ የከበርክ ሁን»፦ የቱርኮች የውሃ ምርቃት

ቱርክ አገር ለአንድ አዛውንት ውሃ ቀድታችሁ ብታቀርቡ፣ ጠጥተው ሲጨርሱ «ሱ ጊቢ አዚዝ ኦል» ይሏችኋል። እንደ ውሃ የከበርክ፣ የተወደድክ ሁን ማለት ነው። እኛ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን የምናመሰግነውን እነሱ በውሃው በራሱ ይመርቁበታል።

የምርቃቱ ክብደት የሚገባን በኦቶማን ዘመን ኢስታንቡል ውሃ እንዴት ይገኝ እንደነበር ስናይ ነው። ያኔ ውሃ ቤት ድረስ የሚገባላቸው ጥቂት ባለጸጎችና ባለሥልጣናት ነበሩ። የቀረው ሕዝብ የሚቀዳው ከሰፈሩ «ቼሽሜ» ነው፤ በእኛ አነጋገር ከቦኖ። ቦኖው ግን ለዓይን ያምራል። ፊቱ ብዙ ጊዜ እብነ በረድ ነው። ከታች የድንጋይ ገንዳ፣ ከላይ ግጥም የተቀረጸበት ሰሌዳ አለው። «ሕያው የሆነን ነገር ሁሉ ከውሃ ፈጠርን» የሚለው የቁርኣን ቃልም በብዙዎቹ ላይ ይነበባል።

ውሃው ከሩቅ ነበር የሚመጣው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሱልጣን ሱለይማን ጊዜ፣ ታላቁ አርክቴክት ሲናን ከከተማዋ ሰሜን ካለው ጫካ ሸለቆ እያሻገረ ያመጣው መስመር ብዙ ሰፈር አጠጥቷል። ከቦኖው እስከ ቤት ደግሞ «ሳካ» የሚባሉት ውሃ ሻጮች በቆዳ ስልቻ ያደርሱ ነበር። ሰፈር ውስጥ እሳት ሲነሳም ውሃ ተሸክመው መድረስ ግዴታቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ማን ይከፍላል? ወቅፍ ነው መልሱ፤ ለበጎ ሥራ የተሰጠ ንብረት ማለት ነው። አቅም ያለው ሰው ቦኖ ያሠራል፤ የሱቅ ወይም የቤት ኪራይ ይመድብለታል፤ ጥገናው በዚያ ይሸፈናል። ካሠሩት መካከል ብዙ ሴቶች አሉ። የእኛ አገር ሙስሊሞች «ሰደቀቱል ጃሪያ» ብለው ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ሐሳቡ ያው ነው፦ ሰው ሞቶም ምንዳው አይቋረጥም።

ታዲያ ውሃው ነጻ ቢሆንም አሠሪው አንድ ነገር ይለምናል። ዱዓ። ይህ ልመና በግልጽ የተጻፈበት ቦኖ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት በር ላይ ቆሟል። ሱልጣን አሕመድ 3ኛ በ1728 እ.ኤ.አ. ያሠራው ነው። የሚጽፉበት የዐረብ ፊደል እያንዳንዱ የቁጥር ዋጋ ስላለው፣ በዚያ ዘመን ልማድ የግጥሙ የመጨረሻ መስመር ፊደላት በቁጥር ሲደመሩ የተሠራበትን ዓመት መስጠት አለባቸው። ሱልጣኑ ራሱ የገጠመው መስመር ሲደመር አራት ጎደለው ይባላል። ሰይድ ቨህቢ የተባለው ባለቅኔ መላ ዘየደ። «አች» ወይም «ክፈት» የምትለውን ቃል ከፊት ጨመረ። «አሊፍ» አንድ፣ «ቼ» ሦስት፣ አራት ሞላ! ዓመቱም በእስልምና አቆጣጠር 1141 ሂጅራ ሆነ። መስመሩ እንዲህ ይላል፦ «ክፈት፣ በቢስሚላህ ውሃውን ጠጣ፣ ለካን አሕመድም ዱዓ አድርግ።» የጎደለውን ቁጥር ያሟላችው ቃል የውሃውን መክፈቻ የምታስከፍት መሆኗ እጅግ ደስ ይለኛል።

ለእኔ «ሱ ጊቢ አዚዝ ኦል» የዚያ ልመና መልስ ነው። ድንጋዩ ዱዓ ይጠይቃል፤ የጠጣው ሰው ይመርቃል። አሠሪው በሌለበት ደግሞ ምርቃቱ ውሃውን በእጁ ላቀበለው ይደርሳል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኩባንያ ቧንቧ ቤት መግባት ጀመረ። ወቅፎቹም ተዳከሙ። ዛሬ ብዙዎቹ ቦኖዎች ደርቀዋል። አንዳንዶቹ መንገዱ ከፍ ስላለ ግማሽ አካላቸው ተቀብሯል። ያሳዝናል፤ ሰሌዳቸው አሁንም ዱዓ ይለምናል።

ምርቃቱ ግን አለ፤ በተለይ ከሽማግሌ ወደ ልጅ። ከጎኑ ሌላ ተረት አላቸው፦ «ውሃ የታናሽ፣ ንግግር የታላቅ።» መናገር ላይ ትልቅ ይቀድማል። ውሃ ላይ ግን ልጅ ጥም ስለማይችል መጀመሪያ የሚጠጣው እሱ ነው። ስለዚህ ውሃ የሚያመላልሰው ልጅ ራሱ ከጠጣ በኋላ ለአያቱ ይቀዳል፤ አያትየውም ይመርቁታል።