ልምድ ላላቸው የጥገና ባለሙያዎች የኦቶሜሽን ሥልጠና፦ በሐዋሳ ፋብሪካዎች የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በከተማዋ የጥገና ባለሙያው ሥራ ተለውጧል። ከፓርኩ ውጭም በቢራው፣ በለስላሳው፣ በዱቄቱ ፋብሪካ ማሽኑን የሚያዘው በአብዛኛው ፒኤልሲ (በፕሮግራም የሚሠራ የማሽን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ነው፤ ሞተሩን የሚያሽከረክረው ደግሞ ኢንቨርተር (የሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ)። በኮንታክተርና በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚሳቡ ማብሪያዎች) ያደገ ባለሙያ ወደ ከፍተኛ ሥልጠና ሲገባ ይዟቸው የሚመጣቸው፣ ወይም አስተዳደሩ የሚያስይዘው አንዳንድ እምነቶች አሉ። ሥልጠናውንም ሥራውንም የሚያበላሹት እነዚህ ስለሆኑ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሃያ ዓመት በመፍቻ የሠራ ሰው ለኦቶሜሽን አይሆንም፤ ለወጣቱ ኢንጂነር ይተው»

ይህን አንዳንዴ አስተዳደሩ ይለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚለው ራሱ ባለሙያው ነው። ትክክል አይደለም። የኦቶሜሽን ብልሽት ቶሎ የሚገኘው ማሽኑ ደህና ሆኖ ሲሠራ ምን እንደሚመስል በሚያውቅ ሰው ነው። ሲሊንደሩ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ሴንሰር መብራት እንዳለበት፣ ፓምፑ ሲነሳ ግፊቱ በስንት ሰከንድ እንደሚደርስ፣ የትኛው ቫልቭ ሲዘጋ ድምፅ እንዳለው የሚያውቀው እሱ ነው። ይህን እውቀት ማንም በክፍል ውስጥ አያስተምረውም። ሥልጠናው የሚጨምርለት ያንን በቴስተርና በላፕቶፕ የሚያረጋግጥበትን መንገድ ነው።

መግቢያው ግን ልቅ መሆን የለበትም። ስታር ዴልታ ማስነሻን (የሞተርን የመነሻ ከረንት የሚቀንስ አገጣጠም) ከድሮዊንግ አንብቦ ማገናኘት የማይችል፣ ክፍትና ዝግ ኮንታክት የማይለይ ሰው በቀጥታ ወደ ፒኤልሲ ክፍል ቢገባ ስክሪን አይቶ ነው የሚመለሰው። ለእሱ መሠረታዊው ኮርስ ይቅደም።

«ከፍተኛ ሥልጠና ማለት ፕሮግራም መጻፍ መማር ነው»

ብዙ ሥልጠናዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጊዜውን ሁሉ የትራፊክ መብራት ፕሮግራም በመጻፍ ይጨርሱታል፤ ሠልጣኙ ፋብሪካው ሲመለስ የሚጠብቀው ግን ሌላ ሰው የጻፈው፣ ማብራሪያ የሌለው ፕሮግራም ነው። የጥገና ባለሙያ ዋና ችሎታ ማንበብ ነው። የቆመውን ማሽን ፕሮግራም ኦንላይን (ላፕቶፑን ከፒኤልሲው ጋር አገናኝቶ) ከፍቶ፣ ያልበራውን አውትፑት (ከፒኤልሲው የሚወጣ ትዕዛዝ) አግኝቶ፣ ከእሱ ወደ ኋላ እየተጓዘ የጎደለውን ኢንፑት (ወደ ፒኤልሲው የሚገባ ምልክት) እስኪያገኝ መከተል መቻል አለበት። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ላደር (የሪሌይ ድሮዊንግ የሚመስል) ቢሆን ይህ ለኮንታክተር ሰው ቅርብ ነው፤ ስትራክቸርድ ቴክስት (በጽሑፍ የሚጻፍ) ከሆነ ልምምድ ይጠይቃል።

እኛ የምንመክረው ከጠቅላላው ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተግባር ጠረጴዛ ላይ እንዲሆን ነው፤ በአንድ ጠረጴዛ ከሁለት ሠልጣኝ አይበልጥ። ለአንድ ጠረጴዛ ውድ ነገር አያስፈልግም። አንድ ትንሽ ፒኤልሲ፣ ባለ 24 ቮልት 5 አምፒር ፓወር ሰፕላይ፣ 0.75 ኪሎዋት ኢንቨርተር ከሞተሩ ጋር፣ አንድ የአየር ሲሊንደር ከነሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈት) ቫልቩ፣ ሦስት አራት ሴንሰር፣ ከ0 እስከ 10 ባር የሚለካ የግፊት ትራንስሚተር (ግፊትን ለክቶ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚልክ) ይበቃል። አሠልጣኙ በድብቅ ጥፋት ይፈጥራል፤ ተርሚናል ያላላል፣ ሽቦ ይቆርጣል፣ ሴንሰር ይቀይራል፣ ፓራሜትር ያዛባል። ሠልጣኙ ያገኛል፣ በምን እንዳገኘውም ይጽፋል። የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ለሎጂኩ ጥሩ ነው፤ የላላ ተርሚናል ግን በሲሙሌሽን ውስጥ የለም።

«ማሽኑ ሲቆም የተበላሸው ፒኤልሲው ነው»

ሲፒዩው (የፒኤልሲው አንጎል) ራሱ የሚሞትበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብልሽቱ በአብዛኛው ያለው ሜዳው ላይ ነው፤ ሴንሰር፣ ኬብል፣ ተርሚናል፣ ሶሌኖይድ፣ የ24 ቮልቱ ሰፕላይ። ስለዚህ ካርድ ከመንቀል በፊት ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

መጀመሪያ 24 ቮልቱን ጭነቱ እያለ ለካ። 24 ባዶ ላይ አሳይቶ ቫልቮቹ ሲነሱ ወደ 18 የሚወርድ ሰፕላይ ማሽኑን አልፎ አልፎ ብቻ ያቆማል፤ እንዲህ ያለው ብልሽት ነው ሰው የሚያደክመው። ቀጥሎ የሴንሰሩን መብራትና የኢንፑት ካርዱን መብራት አወዳድር። ሴንሰሩ በርቶ ካርዱ ካልበራ በካርዱ ተርሚናል ላይ ቮልቴጁን ለካ። የተለመደው የ24 ቮልት ኢንፑት ከ15 ቮልት በላይ የሆነውን «አንድ»፣ ከ5 ቮልት በታች የሆነውን «ዜሮ» ብሎ ያነባል። በመሃል ያለው ምን ተብሎ እንደሚነበብ ዋስትና የለውም። 9 ወይም 10 ቮልት ካገኘህ የዛገ ተርሚናል ወይም ክሮቹ የተበጣጠሱ ኬብል ፈልግ፤ በተለይ ከማሽኑ ጋር ወዲያ ወዲህ የሚሄደውን።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ስህተት አለ። ፒኤንፒ የሚባለው ዓይነት ሴንሰር ተቃጥሎ ከመጋዘን ሌላው ዓይነት፣ ኤንፒኤን፣ ይወጣለታል። መልኩ አንድ ነው፣ ሦስቱም ሽቦ አንድ ነው፦ ቡናማው ፕላስ፣ ሰማያዊው ዜሮ፣ ጥቁሩ ምልክት። የሴንሰሩ መብራት ብረት ሲያይ ይበራል፣ ካርዱ ግን አያይም። ምክንያቱም ፒኤንፒው በጥቁሩ ሽቦ 24 ቮልት ያወጣል፤ ኤንፒኤኑ ጥቁሩን ወደ ዜሮ ይስባል። «ካርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት የሴንሰሩ ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

የተቃጠለ አውትፑት ካገኘህ ደግሞ ለምን እንደተቃጠለ ሳታውቅ አዲስ አትግጠም። ትራንዚስተር አውትፑት ላይ ያለ የዲሲ ኮይል (የሶሌኖይድ ወይም የሪሌይ ጥቅል ሽቦ) ሲጠፋ ተቃራኒ ቮልቴጅ ይረጫል። በኮይሉ ላይ ዳዮድ ከሌለ፣ 1ኤን4007 ባለ ጭረቱን ጫፍ ወደ ፕላስ አድርገህ ግጠም።

«የአናሎግ ምልክት ዜሮ ካሳየ ግፊቱ ዜሮ ነው»

ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር የሚሠራ ትራንስሚተር ግፊት ባይኖርም 4 ሚሊአምፒር ይልካል። ዜሮ ሚሊአምፒር ማለት ሽቦው ተቆርጧል ወይም ሰፕላይ የለም ማለት ነው። ብዙ ትራንስሚተሮች ውስጣቸው ሲበላሽም ሆን ብለው 3.6 እና ከዚያ በታች፣ ወይም 21 እና ከዚያ በላይ ይልካሉ። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያለውን ባር ሳይሆን ሚሊአምፒሩን ለካ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከለካኸው 4 ቀንስ፣ ለ16 አካፍል፣ በመለኪያው ስፋት አባዛ። በ0–10 ባር ትራንስሚተር 7.2 ሚሊአምፒር ካገኘህ 3.2 ለ16 ሲካፈል 0.2፣ ማለትም 2 ባር ነው። ሜዳ ላይ ያለው ማኖሜትር 2 ባር እያለ ስክሪኑ 3 ካለ ትራንስሚተሩን ተወው፤ ስህተቱ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ስኬሊንግ (ምልክቱን ወደ ባር የሚቀይረው ሒሳብ) ላይ ነው። በሲመንስ ካርድ ላይ 20 ሚሊአምፒር 27648 ሆኖ ይነበባል፣ 12 ሚሊአምፒር ግማሹ 13824።

ቴስተሩ በሚሊአምፒር ላይ እያለ በተከታታይ እንጂ በሁለት ጫፍ ላይ አይገጠምም፤ የቴስተሩ ፊውዝ የሚቃጠለው በዚህ ነው። የአናሎግ ኬብል መከላከያ መረብም በአብዛኛው ኤርዝ የሚታሰረው በአንድ ጫፉ፣ ፓኔል በኩል ነው።

«ኢንቨርተር ኸርዝ የሚቀየርበት ሳጥን ነው»

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ እምነት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

380 ቮልት የገባበት ኢንቨርተር ውስጥ ያለው ዲሲ ወደ 540 ቮልት ይጠጋል። ብሬከሩ ከወረደ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቻርጁን ይይዛሉ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቅ፤ ከዚያም በዲሲ ተርሚናሎቹ ላይ ለካ፤ ከ50 ቮልት በታች ካልሆነ እጅ አይገባም። ስክሪኑ መጥፋቱ ማረጋገጫ አይደለም።

ሞተር በሜገር (የሽቦ መከላከያን ጥንካሬ በከፍተኛ ቮልቴጅ በሚለካ መሣሪያ) ሲለካ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ዩ፣ ቪ፣ ደብልዩ ኬብሎች ከኢንቨርተሩ ሙሉ በሙሉ መነቀል አለባቸው። ሳይነቀሉ 500 ቮልት ከላክህ የኃይል ትራንዚስተሮቹን ትገድላለህ። ለብቻው የተለካ አነስተኛ ሞተር ከ5 ሜጋኦም በላይ ሲሰጥ ደህና ነው፤ ከ1 በታች ከሆነ አታስነሳው። የኢንቨርተሩን አውትፑት በተራ ቴስተር ለክቶ «ቮልቴጁ ተዛብቷል» ማለትም ስህተት ነው። አውትፑቱ በፍጥነት የተቆራረጠ ስለሆነ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ማጣሪያ ያለው ትሩ አርኤምኤስ ቴስተር ያስፈልጋል።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዣው ይደክማል። ብዙ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር አንድ በመቶ ቀንሱ ይላሉ፤ እዚህ 7 በመቶ ያህል ማለት ነው። 30 አምፒር የተጻፈበት ኢንቨርተር ሐዋሳ ላይ እንደ 28 አምፒር ይታሰብ። ልክ በልክ የተመረጠ ኢንቨርተር ከሰዓት በኋላ በሙቀት ሲቆም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፣ ወይም ማራገቢያውን የደፈነው የጥጥ ብናኝ። በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የፓኔል ፊልተር በየሳምንቱ መታየት አለበት።

የሚያሳየው ኮድም ይነበብ። ሲቀንስ ኦቨርቮልቴጅ ካለ የመቆሚያ ጊዜውን አርዝም ወይም ብሬኪንግ ሬዚስተር ጨምር፤ ከባድ የሚሽከረከር ነገር ሞተሩን ጄኔሬተር እያደረገው ነው። ሲነሳ ኦቨርከረንት ካለ የመነሻ ጊዜውን፣ ጭነቱን፣ ቤሪንጉን ተመልከት። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲገባ አንደርቮልቴጅ የሚል ከሆነ ጥፋቱ የኢንቨርተሩ አይደለም። እዚህ ላይ አውቶ ሪስታርት (ኢንቨርተሩ ከቆመ በኋላ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ) መክፈት የሚያስጎመጅ መፍትሔ ነው፤ ማሽኑ ሰው እጁን ባስገባበት ሰዓት በራሱ ሊነሳ ስለሚችል ግን ያለ ደኅንነት ግምገማ አይከፈትም።

መጋዘን ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ የተቀመጠ መለዋወጫ ኢንቨርተርም በቀጥታ ሙሉ ቮልቴጅ አይሰጠውም። ካፓሲተሮቹ አምራቹ በሚያዘው መሠረት ቀስ በቀስ መመለስ አለባቸው።

«ፒአይዲው ሲወዛወዝ ቁጥሮቹን መነካካት ነው»

አይደለም። ፒአይዲ ግፊትን ወይም ሙቀትን የመሰለ ነገር በተፈለገው ልክ ለመያዝ ቫልቩን በራሱ የሚያስተካክል ሒሳብ ነው፤ ሉፕ የሚባለው መለኪያው፣ ሒሳቡና ቫልቩ አብረው ነው። መጀመሪያ ሉፑን ማንዋል ላይ አድርግ። መወዛወዙ ከቀጠለ መንስኤው ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነው፤ የፓምፕ፣ የኮምፕረሰር ወይም የሌላ ሉፕ። ካቆመም ቁጥር ከመንካትህ በፊት ቫልቩን መርምር። ማንዋል ላይ እያለ አውትፑቱን 50፣ 51፣ 52፣ 53 በመቶ እያልክ ጨምር። የቫልቩ ግንድ እስከ 53 ዝም ብሎ ከዚያ ድንገት ከዘለለ ቫልቩ ይያዛል፤ ፓኪንጉ ጠብቋል፣ ወይም ፖዚሽነሩ (ግንዱን በታዘዘው ቦታ የሚያቆመው መሣሪያ) ወይም አየሩ ችግር አለው። እንዲህ ያለውን ቫልቭ የትኛውም የፒ እና የአይ ቁጥር አያስተካክለውም። የነበሩትን ቁጥሮች ሳይመዘግብ የቀየረ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ችግር ጨምሯል።

«ኢመርጀንሲ ከተጫነ ውስጥ መግባት ይቻላል»

ኢመርጀንሲ ስቶፕ እንቅስቃሴ ያቆማል፤ የማሽኑን ኃይል ሁሉ ግን አይቆርጥም። የኢንቨርተሩ ኤስቲኦ (የደኅንነት ማቆሚያ) ግቤትም ሞተሩ እንዳይሽከረከር ይከለክላል እንጂ ተርሚናሉ ላይ ያለውን ቮልቴጅ አያጠፋም። በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር እንዳለ ነው። ለጥገና የሚገባ ሰው ዋናውን ማብሪያ አውርዶ በራሱ ቁልፍ ይቆልፋል፣ ቁልፉን ኪሱ ያስገባል፣ አየሩን ያወጣል፣ የተንጠለጠለውን ይደግፋል፣ ከዚያ ለክቶ ያረጋግጣል። ቴስተሩን ግን አስቀድሞ ኃይል ባለበት ቦታ ይሞክረዋል፤ ለክቶ ሲጨርስም እንደገና። የበር ሴፍቲ ስዊች ጀምፐር የተደረገበት (በሽቦ የታለፈበት) ማሽን ለምርት ተመልሶ መሰጠት የለበትም።

ፎርስም (ኢንፑትን ወይም አውትፑትን በላፕቶፕ በግድ ማብራት ወይም ማጥፋት) ከዚሁ ይመደባል። በኤስ7-300 (የሲመንስ ፒኤልሲ) ላይ ፎርስ የተደረገ ኢንፑት ላፕቶፑ ተነቅሎ ከሄደ በኋላም ፎርስ እንደሆነ ይቆያል። ሲፒዩው ላይ ያለው የፎርስ መብራት በርቶ ከሆነ ማን፣ ለምን እንዳደረገው ሳይታወቅ ማሽኑ አይነሳ።

«ፕሮግራሙ ፒኤልሲው ውስጥ ስላለ አይጠፋም»

ይጠፋል። ባትሪ በሚጠቀሙ የቆዩ ፒኤልሲዎች ባትሪው ደክሞ መብራት ከጠፋ ፕሮግራሙ አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ በእነዚህ ላይ ባትሪ የሚቀየረው ፒኤልሲው በርቶ እያለ ነው። በሜሞሪ ካርድ በሚሠራው ኤስ7-300 ባትሪ የለም፤ ግን ካርዱን በተራ የኮምፒውተር ማንበቢያ ከትቶ ፎርማት ያደረገ ሰው ካርዱን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ከዚህ ሲፒዩ ወደ ላፕቶፕ የተሳበ ፕሮግራም በአብዛኛው የአድራሻ ስሞችና ማብራሪያዎች የሉትም፤ ይሠራል፣ ለማንበብ ግን አድካሚ ነው።

ስለዚህ ዋናው የፕሮጀክት ፋይል ፋብሪካው እጅ መኖር አለበት። ይህ የሚገኘው ማሽኑ ሲገዛ ነው፤ አቅራቢው ከሄደ በኋላ የይለፍ ቃል መለመን ነው የሚተርፈው። በግዥ ውሉ ላይ ማብራሪያ ያለው የፒኤልሲና የስክሪን ፕሮግራም ያለ ይለፍ ቃል፣ የኢንቨርተሮቹ ፓራሜትር ዝርዝር፣ የኢንፑትና አውትፑት ዝርዝር፣ ከተገጠመው ጋር የሚመሳሰል ድሮዊንግ ይጠየቅ። ርክክቡ ላይ የጥገና ባለሙያው ራሱ ፋይሉን ከፍቶ፣ ከፒኤልሲው ጋር ኦንላይን አወዳድሮ፣ ልዩነት እንደሌለው ካየ በኋላ ይፈርም። ከዚያም ቀን የተጻፈባቸው ሁለት ቅጂዎች በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጡ፣ ለውጥ በተደረገ ቁጥርም ይታደሱ።