«አምስት በመቶ እርጥበት» ስንት ኪሎ ነው?

በጅማ ዙሪያ፣ በኦሞ ናዳም ሆነ በሰርቦ፣ በቆሎ የሚሰበሰበው ዝናቡ በቅጡ ሳይወጣ ነው፤ የቡና ለቀማውም በዚያው ሰሞን ይደርሳል። ገንዘብ የቸገረው ገበሬ እህሉን ሳያደርቅ ይሸጣል። ነጋዴው «እርጥበት አለው» ብሎ ዋጋ ሲቀንስበት ቅናሹ ተገቢ መሆኑን የሚያሰላበት መንገድ ሊኖረው ይገባል።

እርጥበት ማለት ከእህሉ ክብደት ውስጥ የውሃው ድርሻ ነው። እርጥበቱ 18 በመቶ የሆነ አንድ ኩንታል በቆሎ 18 ኪሎ ውሃና 82 ኪሎ ደረቅ ነገር ይዟል። ለጎተራ እንዲሆን ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ 5 ኪሎ ብቻ የሚቀንስ ይመስላል። አይደለም! 82ቱ ኪሎ እንዳለ ይቆያል፤ አሁን ግን የጠቅላላው 87 በመቶ ሆኗል። 82 ለ0.87 ሲካፈል 94.25 ኪሎ ይመጣል። የጎደለው ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል።

ለምሳሌ እርጥቡ ኩንታል 3,000 ብር የሚያወጣ ከሆነ፣ የደረቀው ኩንታል ከ3,183 ብር በታች ሲሸጥ ኪሳራ ነው። የማድረቂያው ጉልበት፣ ከረጢቱና ነቀዝ የሚበላው ገና አልተቆጠሩም።

መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምሮ ይነቅንቀው። ጨው በጠርሙሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እንዲህ ያለው እህል ጎተራ ቢገባ ይሻግታል። ካልተጣበቀም 13 ደርሷል ማለት ስላልሆነ፣ ጥቂት የፀሐይ ቀናት ይጨመሩለት።